የነጃት ተራ

ኅዳር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በመስቃን ወረዳ፣ ከቡታጅራ በጋሪ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ሳጥን በክረምቱ የሞተች ልጅ ስም ጠራ። ድምፁ የእኔ ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ በስተኋላ፣ በመጨረሻው ዴስክ ጫፍ ተቀምጬ ነበር። ያንን ስም ከዝርዝሩ ያወጣሁት ራሴ ነበርኩ። አውጥቼው ተመልሶ ተጠራ፤ ሁለተኛ አወጣሁት፤ ሦስተኛም አወጣሁት። አሁን ደግሞ አፌን ዘግቼ በተቀመጥኩበት የገዛ ድምፄ ከግድግዳው በኩል «ነጃት» ሲል ሰማሁት።

ባለፈው ሰኔ፣ በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በራሴ ጥያቄ ጡረታ ወጣሁ። የጡረታ ደብዳቤዬ የአገልግሎት ዘመኔን፣ እርከኔንና የመጨረሻ ደመወዜን በሦስት መስመር ዘግቶታል። የማዕከሉ ሳጥኖች በታብሌት እየተተኩ ስለሆነ እኔ የማውቀው ሙያ ከእኔ ጋር መጋዘን ገብቷል ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ በተለይም በዚያ ኅዳር ምን እንደተሳሳትኩ፣ በእጄ ጽፌ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ እምድብር ነበር፤ እዚያ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ከአንድ እርምጃ ወደ ሌላው ዘልዬ ስሄድ ወዲያው ይጠፉብኝ ስለነበር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ሳላስቀር የመጻፍ ልማድ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የክረምት ኮርስ ወስጄ ፕሮግራም መጻፍ ስለተማርኩ፣ ወልቂጤ ወደሚገኝ አንድ የትምህርት መሣሪያዎች ማዕከል ተዛወርኩ።

የማዕከሉ ሥራ ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው ትምህርት ቤቶች የተቀረጸ ትምህርት ማድረስ ነበር። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ሳጥን እንሰጣለን፤ በሳጥኑ ውስጥ ቪዲዮና ድምፅ የሚከፍት ማጫወቻ አለ። ማጫወቻው በራሱ ትምህርት አያውቅም። ትምህርቱን በክፍልና በቀን የሚያቀርበው፣ ጥያቄ የሚጠይቀው፣ እኛ በፓይተን ቋንቋ የምንጽፍለት ቅጥያ ነው።

አንድ ቅጥያ ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ቀን የሚቆጥርለት፣ የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ የሚያስተካክልለት፣ ድምፅ የሚከፍትለት፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው፣ ላይብረሪ የሚባሉ አጋዥ ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል። በተራ ኮምፒውተር ላይ የጎደለውን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል። ማጫወቻው ግን የራሱን ፓይተን በሆዱ ይዞ የሚኖር ስለሆነ የሚያውቀው እኛ የሰጠነውን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጥያ በማወጃ ሰነዱ ላይ በእነማን እንደሚደገፍ ይዘረዝራል፤ የተዘረዘሩትም ሁሉ በትክክለኛ ቨርዥናቸው ሳጥኑ ውስጥ መገኘት አለባቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ሥራ እነዚህን መደገፊያዎች መጠበቅ ነበር።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ነስሩ ናቸው። ጋሽ ነስሩ የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩት ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ከመጽሐፍ፣ ያለ አስተማሪ ነው። የማዕከሉ ቅርንጫፍ ቡታጅራ ሲከፈት እሳቸው ኃላፊ ሆኑ፤ እኔም እንድለምድ ስድስት ወር እሳቸው ዘንድ ተላክሁ።

ጠረጴዛቸው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነበረ። በመዝገቡ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉ፤ የላይብረሪው ስም፣ ቨርዥኑ፣ ማን እንደሚደገፍበት፣ በመጨረሻም «ሲነሳ ማን ይወድቃል?» የሚል። ያለዚያ መዝገብ አንድ ፋይል ወደ ሳጥን አይገባም፤ አንድ ፋይልም አይወጣም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ላይብረሪ ጨምሬ አገኙኝ።

«ይህን ማን አመጣው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ወደፊት ሳያስፈልገን አይቀርም ብዬ ነው።»

«ሳያስፈልግ አይቀርም ተብሎ የመጣ እንግዳ እራት ሰዓት ላይ ነው ጉዱ የሚታወቀው። ስሙን ጻፊ፤ የጠራውን ጻፊ። የጠራው ከሌለ ሸኚው።»

አወጣሁት። እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሥራችንን ቀጠልን። ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት ሁልጊዜ ቆባቸውን ያወልቁ ነበር፤ ምክንያቱን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሌሎች ሁለት ልማዶቻቸውንም ወርሻለሁ። አንደኛው፣ አዲስ ሥራ ወደ ትምህርት ቤቶች ከመላኩ በፊት ፈጽሞ በተደመሰሰ ባዶ ሳጥን ላይ መሞከር አለበት። በሠሪው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነገር፣ ሠሪው ረስቶት በተወው ፋይል ተደግፎ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር እንግዳ ጠባይ ሲያሳይ ከመገመት ይልቅ ማሽኑን መጠየቅ ነው። ፓይተን እያንዳንዱን ሞጁል፣ ማለትም የፕሮግራም ክፍል፣ ከየትኛው ፎልደር እንዳነሳው ሲጠየቅ ይናገራል። ጋሽ ነስሩ ከስክሪኑ ጋር እንደሚያወሩ ሆነው «ከየት አመጣኸው?» ይሉት ነበር።

ይህ ጥያቄ ጉንችሬ ላይ ጠቅሞኛል። እዚያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሳጥን ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ይታመም ነበር፤ ፊደሎቹ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ረቡዕ ይድናል። የገበያ ቀን ስለሆነ መብራቱ ይደክማል የሚሉ ነበሩ። ማሽኑን ስጠይቀው፣ የማክሰኞው ትምህርት በተረት ቅጥያው ይደገፍ ነበር፤ የተረት ቅጥያው ደግሞ የፊደል ላይብረሪውን አሮጌ ቅጂ ማንም ሳያውቅ በጉያው ይዞ ኖሯል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላይብረሪዎች ሲገኙ ፓይተን ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል። አሮጌውን አውጥቼ መዝገብ ላይ አስገባሁት፤ ማክሰኞም ዳነ። የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ታደለ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። አቶ ታደለ ደግ ሰው ነበሩ፤ ስንት ሳጥን እንደደረሰ መጠየቅ ይወዱ ነበር፤ ሳጥኑ ደርሶ ምን እንዳደረገ ግን ብዙም አይጠይቁም።

ከጻፍኳቸው ሥራዎች ሁሉ የምኮራበት «ተራ ጠሪ» የሚባለው ሞጁል ነበር። በማንበብ ትምህርት ላይ ደፋር ልጆች ደጋግመው ያነባሉ፤ አፋሮቹ ዓመቱን ሙሉ ሳያነቡ ያልፋሉ። ተራ ጠሪ ይህን እንዲያስቀር ነው የሠራሁት። ሳጥኑ አንድ ልጅ በስሙ ይጠራል፤ ልጁ «አቤት» ብሎ ሪሞቱን ይቀበልና በስክሪኑ ላይ የወጣውን ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ጨርሶ ሪሞቱን ሲጫን «ጎበዝ» ተብሎ ቀጣዩ ይጠራል። ሪሞቱ ካልተጫነ ሳጥኑ ጥቂት ይጠብቅና ደግሞ ይጠራል፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ከዚያም «ቆይተን እንመለሳለን» ብሎ ያልፋል፤ ዙሩ ሲያልቅ ግን ተመልሶ ያንኑ ልጅ ይጠራል። ማንም ሳያነብ እንዳይቀር በማለት ያደረግኩት ነው። እምድብር ሳለሁ ስማቸውን ሳልጠራ ዓመት ያለፈባቸው ልጆች ነበሩኝ።

ስሞቹን የቀዳሁት በራሴ ድምፅ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የስም ዝርዝራቸውን በሰኔ ልከውልን ነበር፤ ወልቂጤ የዕቃ ክፍላችን መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስም ስጠራ ዋልኩ። የነጃትን ስም ስቀዳ የተለየ ነገር አላስታውስም። በኋላ ቅጂውን ደጋግሜ ስሰማው ከሌሎቹ ስሞች ለስለስ ያለ ነው፤ ምናልባት ውኃ ጠጥቼ ገና መመለሴ ነበር።

በተከታዩ መስከረም፣ 2011 ሲገባ፣ አንድ ጥንቃቄ ጨመርኩ። ቅጥያዎቹ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱት በፍላሽ፣ በሚኒባስ ሹፌሮች እጅ ነበር፤ ፍላሾቹ በመንገድ ላይ በቫይረስ ይበላሻሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር አሻራውን፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም ቁጥር፣ በወረቀት እንልካለን። ይሁን እንጂ ወልቂጤና ቡታጅራ ያንኑ ሥራ ስንጠቀልለው አሻራው ይለያይ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋይል የተጻፈበት ቀንና ሰዓት አብሮ ይቆጠራል። ይህን ለማስተካከል የፋይሎቹን ሁሉ ቀን አንድ አደረግሁት። ሁሉም መስከረም 1 ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ የተጻፉ ሆኑ። አሻራዎቹ ገጠሙ። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የተስተካከለው ይህ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ጥቅምት ላይ ከመስቃኑ ትምህርት ቤት መምህር ሀብቴ ደወለልኝ። የሦስተኛ «ለ» የማንበብ አስተማሪ ነው፤ ቀልድ የሚወድ ወጣት፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ነጃት የምትባል ተማሪ ነሐሴ ውስጥ በሕመም ማረፏን፣ ሳጥኑም በየማንበብ ሰዓቱ እንደሚጠራት ነገረኝ። እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ የዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ከሐዘኑ በኋላ ታማ ቤት ውላለች፤ በቅርቡ ግን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የምትጠርገው በረንዳ የክፍሉ በረንዳ ነው።

«ሳትሰማ ይጥፋልን፣ ወይዘሮ ወይንሸት» አለኝ።

በዚያው ዕለት ስሟን ፓይተን ከሚያነበው የስም ዝርዝር ፋይል፣ ድምፁን ከፎልደሩ አወጣሁ፤ የቨርዥን ቁጥሩን አሳደግሁ፤ በባዶ ሳጥን ላይ ሞከርኩት። ነጃት አልተጠራችም። ፍላሹ ሄደ። በሳምንቱ ሀብቴ መልሶ ደወለ።

«ዛሬም ጠራት።»

«ማን? ሳጥኑ?»

«ሳጥኑ ልበል ወይስ እርስዎ? ድምፁ የእርስዎ ነው።»

ፍላሹን በትክክል አልገለበጥከውም ይሆናል አልኩት፤ ሌላ ላክሁ። እንደገና ጠራት። በዚህ ጊዜ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ፤ የቨርዥኑ ቁጥር አዲሱ ነው። ሳጥኑ አዲሱን ተቀብያለሁ እያለ አሮጌውን ያደርግ ነበር። ሦስተኛ ላክሁ። አቶ ታደለ «መምህሩ አንድ ነገር እየነካካ ነው፤ ተይው» አሉኝ። ሀብቴም በመጨረሻ ስልኩ ላይ «ሐሙስ ትገባለች» አለኝ፤ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰኞ ወደ ቡታጅራ ተነሳሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ።

ፀሐዩ ብሩህ ነበር። በመስኮቱ በኩል ለመድረቅ የተሰጣ በርበሬ ይታያል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ እየሞቀ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሀብቴ ሪሞቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«ለምን ተጠቀለለ?» አልኩት።

«ልጆቹ አይነኩትም። ማን እንደሚጠራህ ሳታይ አቤት አትበል ተብለው ነው ያደጉት። መጀመሪያ በነጃት ተራ ብቻ ነበር፤ አሁን በራሳቸውም ተራ አቤት የሚል የለም። የሞተችውን የጠራ እኛንም ይጠራናል ይላሉ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እጄ ይከብደኛል።»

ሳጥኑ ተከፈተ። «ሙባረክ» አልኩ ከግድግዳው። ማንም አልተነሳም። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ ቆይተን እንመለሳለን አልኩ። «ነጃት።» አርባ የሚሆኑ ልጆች እጃቸውን ከዴስኩ ሥር ደብቀዋል። ከፊት ያለች አንዲት ልጅ አጠገቧ ካለው ባዶ ቦታ ፈቀቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ቦታው እንዲሰፋ ይሁን እንዳይነካት አላውቅም። «ነጃት» አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ። በጥሪዎቹ መካከል ያለውን ዝምታ እኔ ነበርኩ የለካሁት፤ ለአፋር ልጅ የሚበቃ ስምንት ሰከንድ። ሦስተኛው ጥሪ ሳይመጣ የሳጥኑን ገመድ ከሶኬት ነቀልኩ። ከልጆቹ አንዱ ዞሮ አፌን አየ።

ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ በጋሪ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ጋሽ ነስሩ ቤት ወሰድኩት። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የዙህር ሰላታቸውን ጨርሰው በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ነስሩ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው ወይንሸት፣ ሕፃን ታቅፈሽ መጣሽ?» ብለው ሳቁ። የያዝኩት ሳጥን መሆኑን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት፤ ሁሉንም እስክነግራቸው ድረስ አላቋረጡኝም። እንደ ልማዳቸው የሰሙትን መልሰው ነገሩኝ፤ አንዳችም አላሳሳቱም። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ።

ሳጥኑን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አያያዝን። እኔ አስቀድሜ የጠረጠርኩት የጉንችሬውን ዓይነት ነገር፣ በተራ ጠሪ ከሚደገፉት ሦስት ቅጥያዎች አንዱ የተደበቀ ሁለተኛ ተራ ጠሪ መያዙን ነበር። ፈለግን፤ የለም። ዝርዝሩን ከፈትኩት፤ የነጃት ስም የለበትም። ትምህርቱን ስናስኬደው ግን «ነጃት» አልኩ። ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስኪ ጠይቂው። ከየት አመጣኸው በይው።»

ዝርዝሩን ከየት እንዳነሳው ጠየቅሁት። መልሱ በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የፎልደሩ መንገድ ነው፤ ትክክለኛው ፎልደር። ከዚህ በፊት ወልቂጤ ሆኜ ብዙ ጊዜ ያየሁት መስመር ስለነበረ ዓይኔን አነሳሁ። ጋሽ ነስሩ ግን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ቆሙ።

«ይህች የመጨረሻዋ ፊደል ማናት?»

«ሁልጊዜ የምትኖር ናት። የተጻፈውን ፋይል ሳይሆን ኮምፓይል ያደረገውን ቅጂ ነው ያነሳሁት ማለቱ ነው።»

«ቅጂውን መቼ ነው ያደረገው?»

ፓይተን አንድን ፋይል መጀመሪያ ሲያነብ ለራሱ በሚቀለው መልክ ገልብጦ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። በሌላ ቀን ሲመለስ፣ ዋናው ፋይል የተጻፈበትን ቀን ቅጂው ላይ ከመዘገበው ቀን ጋር ያስተያያል። ቀኖቹ ከተለያዩ ዋናውን እንደገና ያነባል፤ አንድ ከሆኑ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ በሳጥኖቹ ውስጥ የነበረው ፓይተን ከቀኑ በቀር ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር።

«መስከረም አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት» አልኩ።

«አዲሱስ ዝርዝር?»

«መስከረም አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት።»

«አንቺ እኮ ወጥ ስትሠሪ የጨውን ፍሬ ሳትቆጥሪ አትቀሪም» አሉ ቀስ ብለው። «ሁሉንም በአንድ ቀን ወለድሻቸው። እሱ ምን ያድርግ? አዲሱን አየ፣ ቀኑን አየ፣ የማውቀው ነው ብሎ አሮጌውን ጠራ።»

«በእኔ ሳጥን ላይ ለምን አልታየም?»

«ባዶ ሳጥን ላይ ነዋ የምትሞክሪው። ባዶው አሮጌ ቅጂ ከየት ያመጣል? ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ነኝ፤ ልክ ነው። መምህሮቹ ደግሞ ላዩ ላይ ነው የሚገለብጡት። የልጆቹ ውጤት እንዳይጠፋ አትደምስሱ ብለን የነገርናቸውም እኛው ነን። ድምፁም፣ ቅጂውም እዚያው ቀሩ።» ወደ ስክሪኑ አመለከቱ። «እስኪ አንድ ጊዜ አስኬጂው፤ ከማጥፋትሽ በፊት እርግጠኛ እንሁን።»

አስኬድኩት። «ነጃት።» ስምንት ሰከንድ። «ነጃት።» ሦስተኛው ጥሪ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። የቴሌቪዥኑ መስታወት ጠቆረ፤ ሁለታችንም ራሳችንን በውስጡ አየን። የሠፈሩ ወፍጮ ድምፅም አብሮ ስለቆመ ቀትሩ ፀጥ አለ። ጠበቅን፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልመጣም።

ስነሳ ጋሽ ነስሩ መዝገቡን ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጡረታ ሲወጡ ለእኔ የሰጡኝ ያው መዝገብ ነው፤ ከቦርሳዬ አይለይም። ገጹን ገልጠው፣ የተራ ጠሪን ለውጥ በጻፍኩበት መስመር፣ አራተኛውን ዓምድ በእርሳስ ነኩት።

«ሲነሳ ማን ይወድቃል? ባዶ ትተሽዋል።»

«ማንም አይወድቅም፣ ጋሽ ነስሩ። እናቷ እንዳትሰማ ነው የምሮጠው።»

«ጠይቀሻታል?»

አልጠየቅኋትም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳጥኑን ይዤ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ሀብቴ በሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፊቱን አይቼ አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ። በበረንዳው ላይ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ሐሙስ ተብሎ የነበረው በረቡዕ ተለውጧል። ሀብቴ «ዝም ብላ ገባች፤ ምን ልበላት?» አለኝ በሹክሹክታ።

ቀርቤ «እንደምን አደርሽ፣ ወይዘሮ ሸምሲያ» አልኳት።

መጥረጊያው ቆመ።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለች።

በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም መጥረጊያውን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ ቤቷ ሌላ ቋንቋ ይነገራል።

«ልጆች ሰፈር ውስጥ አወሩ። መጣሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ሁለት ቀን ሰማሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ። የእኔ ስህተት ነው። ሳትሰሚ ላጠፋው ነበር። አሁንም እንገባለን፣ ዛሬውኑ ይጠፋል።»

«ሦስት ጊዜ ትጠሪያታለሽ» አለች፤ የነገርኳትን ያልሰማች ትመስል ነበር። «ቀስ ብለሽ ነው የምትጠሪያት፤ ደህና አድርገሽ። ማንም አቤት አይልም። እንደገና ትጠሪያታለሽ። ነጃት ተጠርታ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ አንዴ ስጠራት ነበር አቤት የምትለው። ስሟ እንደዚያ ሲንጠለጠል ነው የከበደኝ።»

ሀብቴ «ዛሬ ይጠፋል፣ እናቴ» አላት።

«ይጥፋ። መጀመሪያ ግን ይመለስላት።»

«ማን ይመልስ?» አለ ሀብቴ። «ልጆቹ ይፈራሉ።»

«ልጆቹ ይፈራሉ አሉኝ፤ ለዚያ ነው ዛሬ የመጣሁ። እነሱ ባሉበት ይሁን። እኔ አለሁ።»

ለርዕሰ መምህሩ አልነገርንም፤ አቶ ታደለም ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ አውቅ ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ ሦስታችን ወሰንን።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ልጆቹ በየቦታቸው ነበሩ። ወይዘሮ ሸምሲያ መጥረጊያዋን በሩ ላይ አቁማ ገባችና ከፊት፣ በባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ዴስኩ ስለጠበባት ጉልበቷን ወደ ጎን አድርጋ። እኔ ከኋላ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ልጆቹ አፌን በሚያዩበት ቦታ ቆምኩ። ሳጥኑ ሙባረክን ሦስት ጊዜ ጠራ፤ መልስ አላገኘም፤ ቆይተን እንመለሳለን አለ።

«ነጃት።»

«አቤት» አለች እናቷ።

ሀብቴ መሐረቡን ፈትቶ ሪሞቱን ሰጣት። በስክሪኑ ላይ «ወፏ በዛፉ ላይ ጎጆ ሠራች» የሚል ወጥቷል። ወይዘሮ ሸምሲያ ማንበብ አትችልም፤ ፊደሎቹን ዝም ብላ አየቻቸው። ሁለተኛው ጥሪ ከመምጣቱ በፊት፣ አጠገቧ የነበረችው፣ ትናንት ፈቀቅ ብላ ያየኋት ልጅ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችላት። ከዚያ የሪሞቱን መጫኛ በጣቷ አሳየቻት። ወይዘሮ ሸምሲያ ተጫነችው።

«ጎበዝ» አልኩ ከግድግዳው።

ወይዘሮ ሸምሲያ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ የተጠራው ነቢል የሚባል ልጅ ነበር። ስምንቱ ሰከንድ ሊያልቅ ሲል ከመስኮቱ በኩል ቀጭን ድምፅ «አቤት» አለና ሪሞቱን ሊቀበል መጣ። ዙሩ አልቆ ሙባረክ እንደገና ሲጠራ እሱም ተነሳ። ሁሉም አነበቡ።

ትምህርቱ ሲያበቃ ኪቦርድ ሰክቼ ቅጂውንና ድምፁን ከሳጥኑ ውስጥ አጠፋሁ። ወይዘሮ ሸምሲያ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ መዝገቡን ዘርግቼ በዚያ ጠዋት የወሰንኩትን ጻፍኩ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ፋይል በእውነት የተጻፈበትን ቀን ይይዛል፤ አሻራው ካልገጠመ አይግጠም። የልጆቹ ውጤት ለብቻው ከተቀመጠ በኋላ አሮጌው ፎልደር ይደመሰሳል፤ ላዩ ላይ አይገለበጥም። ከባዶው ሳጥን በተጨማሪ አንድ ያገለገለ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ሳጥን ላይ ይሞከራል። በላይብረሪዎቹ ዝርዝር መጨረሻ የነጃትን ስም በሌሎቹ ሥር አስገባሁ፤ ስሟ የወጣበትን ቨርዥን ጻፍኩ፤ የሚደገፉበትን ሦስት ቅጥያዎች ጻፍኩ። አራተኛው ዓምድ ላይ፣ ጋሽ ነስሩ ማክሰኞ ባዶ ትተሽዋል ባሉኝ፣ በእርሳስ «እናቷ ተጠይቃለች» ብዬ ጻፍኩና መዝገቡን ዘጋሁ።